ሮቦትና ሁዳድ

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ምሕንድስና፣ አንዳችን ሕግ፣ አንዳችን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን አንድ መጽሐፍ በጋራ ማንበብና መከራከር ልማዳችን ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በማስረጃ ሳይሆን በእንቅልፍ ነው። ባለፈው ዓመት ያነሣነውን አንድ ክርክር ግን እንቅልፍም አላሸነፈው፤ ከመኝታ ክፍላችን አውጥቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወሰደን፤ በመጨረሻም ከመካከላችን አንዱን ስለ ራሱ ሥራ እንዲያፍር አደረገው። ይህንኑ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በፊልም ነው። የብረት ሰዎች በፈጠሯቸው ሰዎች ላይ የሚነሡበትን አንድ ፊልም አይተን ስንመለስ፣ ከምሕንድስና ተማሪዎቹ አንዱ፣ «ይህ ሁሉ ያልተማረ ሠራተኛ ፍርሃት ነው፤ አዲስ መኪና ባየ ቁጥር ጅብ ያየ ይመስለዋል፤ ደራስያንም ያንን ፍርሃት እየለቀሙ ተረት ያደርጉታል» አለ። እኛም ሳቅንና ተስማማን። የቋንቋው ተማሪ ብቻ፣ «የሠራተኛ ፍርሃት መሆኑን በምን ዐወቅህ? እስቲ ከሥሩ እንየው» ብሎ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀውን ቴአትር ይዞልን መጣ።

ቴአትሩ «አር. ዩ. አር.» የሚባለው የቼኩ ደራሲ የካሬል ቻፔክ ሥራ ነው። በ1920 ታተመ፤ በ1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ታየ፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኒው ዮርክና ሎንዶን ደረሰ። ቻፔክ በኋላ በጋዜጣ እንደ ገለጸው፣ ቃሉን ያገኘው እርሱ ሳይሆን ሠዓሊው ወንድሙ ዮዜፍ ነው። ካሬል ሰው ሠራሽ ሠራተኞቹን ከላቲን በተወሰደ ቃል ሊጠራቸው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ የመጽሐፍ ቃል መስሎ ስለ ታየው፣ ሥዕል ይሥል የነበረውን ወንድሙን አማከረው፤ ወንድሙም የሥዕል ብሩሹን በአፉ እንደ ያዘ ሮቦት ይበላቸው ዘንድ መከረው።

ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ? በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ገባር ለጌታው መሬት ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። በቦሄሚያ አገር ገበሬዎች ይህ ግዴታ በዝቶባቸው ስለ ዐመፁ፣ በ1775 የወጣ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሕግ ከባዱን ግዴታ በሳምንት በሦስት ቀን ወሰነው፤ ጨርሶ የቀረው በ1848 ነው። የሕጉ ተማሪ ይህን በሰማ ጊዜ ከአልጋው ተነሥቶ፣ «ይህማ ሁዳድ ነው!» አለ።

እውነቱን ነው። አያቶቻችን ሁዳድ የሚሉት የጌታው መሬት ነበረ፤ ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ፣ በራሱ በሬና በራሱ ስንቅ፣ ሊያርሰው፣ ሊያርመውና ሊያጭደው ይወጣ ነበር። ከመካከላችን የሁለታችን አያቶች በዚህ ሥራ ያረጁ ገበሬዎች ናቸው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዋጅ ሲወጣ፣ ይህ ግዴታ በሕግ ቀረ። እንግዲህ «ሮቦት» የሚለውን ቃል በእኛ አገር ስሜት ብንፈታው፣ ብረትም መብራትም አይደለም፤ ሁዳድ ላይ የተሰለፈ ገባር ማለት ነው። ቃሉ የተወሰደው ከመኪና ቤት ሳይሆን ከጭሰኛ ጎጆ ነው።

ቴአትሩን ባነበብን ጊዜ ደግሞ ይህ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ተረዳን። የቻፔክ ሮቦቶች ከብረት የተሠሩ አይደሉም፤ በፋብሪካ ውስጥ በሙያ ተቀምሞ ከሚወጣ ሥጋ መሰል ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ሲታዩም ሰው ይመስላሉ። ሽማግሌው ሮሱም ሰውን እንደ ፈጣሪ ልፍጠር ብሎ ሲደክም ኖረ። ወጣቱ ሮሱም መሐንዲስ ነውና ነገሩን በሌላ ዐይን አየው። ሰው ይደሰታል፣ ቫዮሊን ይመታል፣ ሽርሽር ይወዳል፤ ነገር ግን ለመሸመንና ለመደመር ይህ ሁሉ ምን ይሠራል? ስለዚህ ለሥራ የማያስፈልገውን ሁሉ ከሰው ላይ ቀንሶ የቀረውን ሮቦት አደረገው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዶሚን እንደሚያስረዳው፣ ከሁሉ የሚሻለው ሠራተኛ ዋጋው ከሁሉ የሚረክሰው ነው። ለሮቦቶቹ ሕመም እንዲሰማቸው ሲደረግ እንኳ ለርኅራኄ አይደለም፤ ሕመም የማይሰማው ሮቦት እጁን በመኪና ውስጥ እየከተተ ስለሚያስቆርጥ፣ ንብረት እንዳይጎዳ ነው።

ከዚህ ላይ ሳቃችን ቀነሰ። ምክንያቱም ወጣቱ ሮሱም የሠራው ነገር ተረት አይደለም፤ በዘመኑ በፋብሪካ ውስጥ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ይሠራ የነበረ ነገር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር የሠራተኛውን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካ ትርፍ የሚመስለውን ሁሉ ስለ መቀነስ የጻፈው መጽሐፍ በ1911 ወጥቷል። በ1913 ደግሞ የፎርድ ፋብሪካ ሥራውን በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ አድርጎ፣ ሠራተኛው ከቆመበት ሳይነቃነቅ አንዲት ነገር ብቻ ቀኑን ሙሉ እንዲደጋግም አደረገ። ወንድማማቾቹ ቻፔኮች ራሳቸው ገና በ1908፣ «ሥርዓት» ብለው በሰየሙት አጭር ልብ ወለድ፣ ሠራተኞቹን ከስሜትና ከውበት ለይቶ እንደ ዕቃ ሊያሠራቸው ስለ ሞከረ ባለፋብሪካ ጽፈው ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ፍጡር የለም፤ ሰዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ከ12 ዓመት በኋላ ያ ሐሳብ ሮቦት ሆኖ መጣ። ስለዚህ ሮቦት ሰው ለመሆን የተነሣ መኪና ሳይሆን፣ መኪና እንዲሆን የተገደደ ሰው ነው ብንል አንሳሳትም።

በቴአትሩ መጨረሻ ሮቦቶቹ ዐምፀው የሰውን ዘር ያጠፋሉ። ከደሴቲቱ ሊቃውንት መካከል በሕይወት የሚተርፈው አልኲስት የሚባለው ግንበኛ ብቻ ነው፤ እርሱንም የማሩት እንደ እነርሱ በእጁ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ጊዜ የቋንቋው ተማሪ እስከ ዛሬ የማንረሳውን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ለመሆኑ በዚህ ቴአትር ውስጥ ሠራተኛው የት አለ?» አለ። መጽሐፉን ገልብጠን ፈለግን። ሥራ አስኪያጁ አለ፤ መሐንዲሱ አለ፤ የሂሳቡ ሹም አለ፤ ሐኪሙ አለ፤ ሮቦቶቹን ነጻ ላውጣ ብላ የመጣችው የትልቅ ሰው ልጅ ሔሌና አለች። በሮቦት ምክንያት ሥራውን ያጣው ሰው ግን መድረኩ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አይወጣም። ስለ እርሱ የምንሰማው ከሌሎች አፍ፣ እንደ ዘበት ነው፤ ሠራተኞቹ ሮቦቶችን እንደ ሰባበሩ፣ ለሮቦቶችም መሣሪያ ተሰጥቷቸው በእነርሱ ላይ እንደ ተላኩ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይታለፋል። ከድኻ ወገን የሆነች አንዲት ሴት አለች፤ እርስዋም ናና የምትባለው ሞግዚት ናት። ይህ ነገር መጨረሻው አያምርም እያለች ከመጀመሪያው ታስጠነቅቃለች፤ የተማሩት ሁሉ እንደ አሮጊት ወግ ይሰሟታል። በፍጻሜው እውነተኛዋ እርስዋ ሆና ተገኘች።

ከዚህ በኋላ ክርክራችን መልክ ያዘ። በሰው ሠራሽ ፍጡራን ታሪክ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ፍርሃት እንዳለ ተስማማን። አንደኛው የጌታ ፍርሃት ነው፤ ይኸውም ሲያገለግለኝ የኖረው አንድ ቀን ቢነሣብኝስ የሚለው ነው። ሁለተኛው የሠራተኛ ፍርሃት ነው፤ ይኸውም በእኔ ቦታ ሌላ ቢተካ ልጆቼ ምን ይበላሉ፣ ባልተካስ እኔኑ እንደ መኪና ቢቆጥሩኝስ የሚለው ነው። ፊልሙና ልብ ወለዱ አብዝቶ የሚጮኸው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው ከኋላ ቆሞ በዝግታ ይናገራል። እኛ ግን ሁለቱን ደባልቀን፣ የጌታውን ፍርሃት በሠራተኛው ስም ጽፈን፣ በሠራተኛው ላይ ስንስቅ ነበር።

የሕጉ ተማሪ የሁለተኛውን ፍርሃት ታሪክ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጎ አመጣልን። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አውራጃ በ1811 የካልሲና የሹራብ ሠራተኞች በሌሊት እየወጡ የሽመና መኪናዎችን መስበር ጀመሩ። ሉዳውያን የተባሉት እነዚህ ናቸው። ስማቸው እስከ ዛሬ የመሃይም ስድብ ሆኖ ይነገራል። ነገር ግን ታሪኩ እንደሚያስረዳው፣ ያገኙትን መኪና ሁሉ አይሰብሩም ነበር። አንዱን ቤት አልፈው ሌላውን ይመቱ ነበር፤ የሚመቱትም ደመወዝ የቀነሰውን፣ ሙያ ባልተማረ እጅ የተበላሸ ዕቃ እያመረተ ገበያውን ያረከሰውን ጌታ ነበር። በመኪናውማ እነርሱም ራሳቸው ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። መንግሥቱ በ1812 መኪና የሚሰብር በሞት ይቀጣ ዘንድ ሕግ አወጣ፤ በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

ያ ሕግ በቀረበ ጊዜ በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ተነሥቶ የተቃወመው ወጣቱ ባለቅኔ ሎርድ ባይረን ነበረ፤ በምክር ቤቱ የመጀመሪያ ንግግሩም ይኸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1816 ክረምት፣ በጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ በእርሱ ቤት እየተሰበሰቡ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ከተባባሉት ወጣቶች አንዷ ሜሪ ሼሊ ነበረች። «ፍራንከንስታይን» በ1818 ታተመ። ሜሪ ሼሊ ስለ ሉዳውያን ጻፈች አንልም። ነገር ግን የፈጠረችውን ፍጡር እንመልከት። ስም የለውም፤ ርስት የለውም፤ ዘመድ የለውም። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ግድያ አይደለም፤ ለአንድ ድኻ ቤተ ሰብ በሌሊት እንጨት እየለቀመ ደጃቸው ላይ ማኖር ነው። እነርሱም ማን እንደ ሠራላቸው ሳያውቁ ይመርቁት ነበር። በዐይናቸው ያዩት ቀን ግን ደብድበው አባረሩት። ስለ ሀብትና ስለ ድኽነት፣ ስለ ንብረት አከፋፈልም በግድግዳ ቀዳዳ ሆኖ ሰምቶ ተማረ፤ ከዚያም እኔ ምንድን ነኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሥራው ተወዶ ሠራተኛው የሚጠላበት ዓለም ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንም።

ቻፔክ ባደገበት አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በሰኔ 1844 የፕራግ የጨርቅ አታሚዎች፣ በእንጨት ማኅተም በእጅ ያትሙት የነበረውን የሚያትም አዲስ መኪና መጥቶ ደመወዛቸው ስለ ተቀነሰ፣ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ እየዞሩ መኪናዎቹን ሰበሩ፤ ወታደርም ወጣባቸው። ቻፔክም በሰሜን ቦሄሚያ፣ የጨርቅ ፋብሪካዎች ባሉበት ሸለቆ ያደገ የሐኪም ልጅ ነው። በሮቦት ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች ሮቦት ይሰብራሉ ብሎ ሲጽፍ ከባዶ አልፈጠረውም።

ሌሎችንም አየን። በ1927 የወጣው የፍሪትስ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» የተሰኘ ፊልም ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ከመሬት በታች ወዳለው ሥራ ሲወርድ ያሳያል፤ ይህ እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሴት መልክ የተሠራች የብረት ፍጡር ታነሣሣቸውና ዋናውን መኪና ሰባብረው የራሳቸውን ልጆች በጎርፍ ሊያስበሉ ይደርሳሉ። በመጨረሻው ጌታውና የሠራተኞቹ አለቃ ይጨባበጣሉ። መኪናው የማን እንደሚሆን፣ የሥራው ሰዓትም ይቀነስ እንደ ሆነ አንድ ቃል አይነገርም። አይዛክ አሲሞቭም በ1942 ሦስቱን የሮቦት ሕጎች አወጣ፦ ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ የሚሉ ናቸው። የሕጉ ተማሪ ይህን አንብቦ፣ «እነዚህ ሦስቱም ጌታው ስለ ሎሌው የሚያወጣቸው ሕጎች ናቸው፤ አራተኛው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። አራተኛ የሚለው፣ ሮቦቱ እንጀራውን የወሰደበት ሰው ምን ያገኛል የሚለውን ነው። በአሲሞቭ መጽሐፍ የሠራተኛ ማኅበራት ሮቦትን እንደ ተቃወሙ ይነገራል፤ ነገር ግን በጥቂት ቃል ታልፎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከደረስን በኋላ መጽሐፍ ብቻውን አልበቃንም። ከመካከላችን የአንዱ አባት በሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። አንድ እሑድ ሄድን። አባታችን ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሱ ነጠላ ይሸምኑ ነበር። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሥራቸውን ሳያቋርጡ የቻፔክን ታሪክ እንድንነግራቸው አዘዙን፤ ልጃቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወታቸው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ እህሉም ልብሱም ከመጠን በላይ ተርፎ፣ ዋጋው እንደ ኢምንት ሆኖ፣ ድኽነት ይጠፋል ብሎ ሥራ አስኪያጁ እንደ ተናገረ በነገራቸው ጊዜ መወርወሪያውን አቆሙ።

«ሥራ የፈታው ሰው በምን ገዛው?» አሉ።

«አባባ፣ ዋጋውማ በጣም ርካሽ ነው» አለ ከምሕንድስና ተማሪዎቹ አንዱ።

«ልጄ፣ ርካሽ የሚባለው ገንዘብ ላለው ነው። ለሌለው ሰው ርካሽና ውድ አንድ ነው» አሉት።

ቀጥለውም ከውጭ አገር በመኪና ጥለት እየታተመበት ስለሚመጣው ጨርቅ ነገሩን። ከሩቅ ሲያዩት የእጅ ጥለት ይመስላል፤ ዋጋውም ከእርሳቸው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ለበዓል ቀሚስ የሚገዛው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። እኛም መኪናውን የሚረግሙ መስሎን ጠበቅን። እርሳቸው ግን፣ «መኪናውን ምን አደረገኝ? ድር የሚያደራልኝ መኪና ቢሰጡኝ እጃቸውን እስማለሁ፤ ወገቤ ባረፈ። የቸገረኝ ጥለቱ የእኛ፣ ገንዘቡ የሌላ መሆኑ ነው» አሉ። ከ200 ዓመት በላይ በፊት በኖቲንግሃም የተባለው ይኸው መሆኑን ለማወቅ ታሪክ መማር አላስፈለጋቸውም። ግንበኛው አልኲስት በእጁ ስለሚሠራ ተማረ ባልናቸው ጊዜ ብቻ ሳቁና፣ «እኛንም ይማሩን እንደ ሆነ እናያለን» ብለው ወደ መወርወሪያቸው ተመለሱ።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ዝም ያለው፣ በመጀመሪያው ማታ በሠራተኛው የሳቀው የምሕንድስና ተማሪ ነበር። ማታ ከሻንጣው ውስጥ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ አሳየን። ለልምምድ በተላከበት አንድ ፋብሪካ የማሸጊያውን ክፍል አጥንቶ ያቀረበው ፕላን ነው፤ ጥሩ ማርክ አግኝቶበታል። በማሸጊያው ጠረጴዛ ስምንት ሴቶች ይሠሩ ነበር፤ በፕላኑ መሠረት አንድ መኪናና አንድ ሠራተኛ ይበቃሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ሥዕሉም ንጹሕ ነው። ስለ ሴቶቹ የተጻፈውን ፈለግን፤ በሰንጠረዡ ውስጥ «የሰው ኃይል፦ 8» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ትርፍ፦ 7» ይላል። ሌላ የለም። «ሁለት ወር ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ከእነርሱ ጋር ነው፤ ገንዘብ እንዳላወጣ ብለው ከየሳህናቸው ያካፍሉኝ ነበር። የስምንቱንም ስም ዐውቃለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንዷም ትዝ አላለችኝም» አለን። ፕላኑ በሥራ ላይ ይዋል አይዋል አያውቅም። እኛም አልፈረድንበትም፤ በእርሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እንደምንጽፍ እናውቃለንና። ትምህርታችን ሁሉ ያንን እንድንጽፍ ያዘጋጀን ነው። በዚያ ማታ ግን በቻፔክ ደሴት ላይ እኛ ማን እንደ ሆንን ገባን። ሮቦቶቹም ሥራ ያጡትም አይደለንም፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሊቃውንት ነን።

ይህም ቢሆን የሚያዘልቅ ወንበር አይደለም። ለብዙ ዘመን መኪና የሚነካው እጅን ነው፣ የሚጽፍና የሚያስብ ሰው አይነካም ሲባል ኖረ። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ግን ቻት ጂፒቲ የሚባለውና መሰሎቹ ለማንም ሰው ተከፍተው፣ ሲጠየቁ ድርሰት የሚጽፉ፣ ደብዳቤ የሚያረቅቁ፣ ሂሳብ የሚሠሩ ሆነዋል። ከእኛም መካከል የቤት ሥራውን በዚሁ ያስጻፈ አለ፤ ማን እንደ ሆነ አንናገርም። በ2023 በአሜሪካ ለፊልምና ለቴሌቪዥን የሚጽፉ ደራስያን ማኅበር ለ148 ቀን ሥራ አቆመ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የሚጽፍ መኪና ነበር። እንግዲህ ለዓመታት የብረት ሰው ሲነሣ እየጻፉ ያስፈራሩን ሰዎች፣ ነገሩ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ በደረሰ ጊዜ ምን አደረጉ? የብረት ሰው ይገድለናል ብለው አልጮኹም። የጠየቁት፣ መኪናው ደራሲ ተብሎ እንዳይቆጠር፣ ደራሲው ሳይወድ እንዲጠቀምበት እንዳይገደድ፣ መኪና የጻፈው ነገር ለደራሲው ሲሰጠው በግልጽ እንዲነገረው ነው፤ ይህም በስምምነቱ ውስጥ ገባላቸው። ሸማኔው የጠየቀውን ደራሲው ከ200 ዓመት በኋላ ጠየቀ። ልዩነቱ ደራሲው ውል አገኘ፣ ሸማኔው ገመድ አገኘ።

ስለዚህ በሰው ሠራሽ ፍጡር ታሪክ ውስጥ ያለው የሠራተኛ ፍርሃት ድንቁርና አይደለም ማለታችን ነው። መኪና አይምጣ ማለታችንም አይደለም። ከመካከላችን ሁለቱ መኪና ሊሠሩ የሚማሩ ናቸው፤ ይሠራሉም። የወገብ ሥቃይን የሚያስቀር መኪና በረከት ነው። ነገር ግን ሮሱም ከሰው ላይ ቫዮሊኑን ሲቀንስ አጠገቡ ቆሞ፣ «ይህስ የማን ነው?» የሚል አልነበረም። ናና ብትል የሚሰማት አላገኘችም።

የምሕንድስናው ጓደኛችን አሁን በሚያዘጋጀው የመመረቂያ ሥራ ላይ ማንም ያላዘዘውን አንድ ገጽ ጨምሯል። ገጹ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። ይህ መኪና ሥራቸውን የሚወስድባቸው ሰዎች እነማን ናቸው፣ ወዴትስ ይሄዳሉ? መኪናው ከሚያተርፈው ለእነርሱ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? ፕላኑ ሳይጻፍ በፊት ተጠይቀዋልን? መምህሩ ገጹን ይቀበሉት ወይም ከጉዳዩ ውጪ ነው ብለው ያስወጡት ገና አልታወቀም። ቢያስወጡትም በአባሪነት እንደሚያስገባው ነግሮናል። እኛም በየትምህርታችን፣ ሕጉም ሂሳቡም ሳይለይ፣ እንዲህ ያለ ገጽ እንጨምር ዘንድ ተስማምተናል፤ እናንተንም እንጋብዛለን።

ሮቦታ በቦሄሚያ በሕግ ቀርቷል፤ ሁዳድም በአገራችን ቀርቷል። ሁለቱም የቀሩት በጌታው ቸርነት ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የነበረው ሰው ቀና ብሎ ይህ የማን ነው ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። ጥያቄው ዛሬም ያው ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ማታ የምናነበው «ፍራንከንስታይን»ን ነው። መምጣት የምትፈልጉ ጽዋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሻዩ ከእኛ ነው።